በዓሉንስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዕረፍቱን ማን ይንገረን?

ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ድምፅ አሰማ። የልጄ ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቻናል ነው። «ውድ ወላጆች፤ ነገ ዓርብ ትምህርት እንደማይኖር እናሳውቃለን።» ለምን እንደሆነ አይልም። ከሥሩ አንዲት የአበባ ምስል አለች። ደህና እደሩ ለማለት መሰለኝ።

እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ መገኘት አለብኝ። ባለቤቴም እንደዚያው። የቤት ሠራተኛ የለንም። እናቴ ዘጌ ናት። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ግን በዚያ ምሽት ከባሕር ዳር የሚነሳ ጀልባ ከየት ይመጣል? በመጨረሻ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። እማማ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ። «ምን ያሯሩጥሻል ልጄ? አምጪው፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ለዚያ ቀን ተረፍኩ።

ነገሩ አንዴ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ግን ትምህርት ቤት ልጅ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ አንዳንድ ታሪክ አያጣም። ወሬው ሲነሳ ደግሞ ቶሎ ብሎ የሚመጣው መልስ «አገራችን በዓል ስለሚበዛ ነው» የሚል ነው። እኔ አይመስለኝም። በዓሉንማ እናውቀዋለን። በግ ተገዝቶ፣ ዶሮ ተመርጦ፣ ጠላ ተጠምቆ ነው የምንጠብቀው። የሚያጣድፈን በዓሉን ተከትሎ ወይም ቀድሞ የሚመጣው፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ የሚወስነው ዕረፍት ነው። እሱ ዘግይቶ ይነገራል።

የትምህርት ቤት ካላንደር ላይ ሦስት ዓይነት ቀኖች አሉ። አንደኛዎቹ ቁርጥ ያሉ ናቸው። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል፣ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ የካቲት 23 ዓድዋ፣ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል። (ገና በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2020 እንደዚያ ነው።) ሁለተኛዎቹ የሚዘዋወሩት ናቸው፤ ስቅለትና ፋሲካ፣ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ። ሦስተኛዎቹ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ለበዓል ተብላ የምትጨመር ቀን፣ የክረምቱ መዝጊያና መክፈቻ ናቸው። የወላጅ ራስ ምታት ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ቁርጥ ያሉትም ቢሆኑ ከዓመት ዓመት ለቤተሰብ የሚሰጡት ጊዜ አንድ አይደለም። እኛ አገር እሑድ የዋለ በዓል ሰኞ አይካካስም። 2017ን አስታውሱ። ጥምቀት እሑድ፣ ዓድዋ እሑድ፣ ዒድ አልፈጥርም እሑድ ዋሉ። ተማሪው ከሦስቱ አንድም የትምህርት ቀን አላረፈም። በ2018 ጥምቀትም ዓድዋም ሰኞ ላይ ወደቁ፤ ቅዳሜን ጨምሮ ሦስት ቀን ተገኘ። በ2019 ሁለቱም ማክሰኞ ናቸው። እንግዲህ በመሐል የቀረችው ሰኞ ምን ልትሆን ነው? የጥምቀቷ ሰኞ ደግሞ ከተራ ናት። ባሕር ዳር ከተራ ዕለት ከቀትር በኋላ ባጃጅ ለመያዝ የሞከረ ሰው የምለውን ያውቀዋል። መንገዱ የታቦት ነው።

ከመስከረም ልጀምር። በወረቀቱ ላይ ትምህርት የሚከፈተው እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ነው። በተግባር ግን «ትምህርት ከመስቀል በኋላ ነው» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። የመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ይቆጠራል፤ ክፍል ይደለደላል፤ መጽሐፍ ይጠበቃል። ልጁ አራት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ለወላጅ ይኼ ከሙሉ ዕረፍት ይብሳል። ሙሉ ዕረፍት ቢሆን ልጁ ዘጌ ይከርማል። ግማሽ ቀን ሲሆን ግን ባሕር ዳር መሆን አለበት፤ ከአራት ሰዓት በኋላም የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ወጪውም አለ። የበዓል፣ የመመዝገቢያ፣ የዩኒፎርምና የደብተር ብር በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው።

ጥር ግን የጣና ዳር ሰው ወር ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 18 ሰባር ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ይከታተላሉ። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ሠርግ የሚደገሰውም በዚሁ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ አይደገስማ። እህሉ ጎተራ ገብቷል። ሰማዩ ጠርቷል። አክስት ከደብረ ታቦር፣ አጎት ከዳንግላ የሚመጡት አሁን ነው። ጎንደር ጥምቀትን ለማየት ከሚሄደውም ብዙው በባሕር ዳር በኩል ነው የሚያልፈው። ቤተሰብ አንድ ላይ የሚሆንበት ወር ይህ ነው።

ተማሪው በዚህ ወር ምን ላይ ነው? ፈተና ላይ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የሚዘጋው ጥር መጨረሻ ገደማ ነው። ልጄ አምና ከተራ ዕለት የሳይንስ ደብተሩን ታቅፎ ነበር። ሙሽራ በበራችን ሲያልፍ በመስኮት ብቅ እያለ ይመለሳል። ከዚያ ፈተናው ያልቃል፤ ዕረፍቱ ይመጣል። እንግዳው ግን ተበትኗል። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ገባች። ዐቢይ ጾም የካቲት 9። ልጆቹ ሲያርፉ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሥጋ ቤቱ ሊዘጋ እየተዘጋጀ ነበር። ዕረፍቱ በዓሉን በጥቂት ቀን ሳተው ማለት ነው።

«ታዲያ ዕረፍቱ ከገና እስከ ጥምቀት ለምን አይሆንም?» ብዬ አንድ መምህር ወዳጄን ጠየቅሁት። ቀላል መስሎኝ ነበር። ጣቱን ቆጠረ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ 19 ወይም 20 ሳምንት ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔም ያንኑ ያህል ነው። አሁን ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ገና ላይ ከተዘጋ የመጀመሪያው ወደ 15 ሳምንት ይወርዳል። ከዚያ ላይ የመስከረምን መንገዳገድ ቀንስ። «የዓመቱን ግማሽ መጽሐፍ በምን ልጨርሰው?» አለኝ። ደግሞም ለመምህር የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ዕረፍት አይደለም። ወረቀት ይታረማል፤ ሮስተር ይሠራል። ካርድ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

እውነቱን ነው። ስለዚህ የመንፈቁን ዕረፍት አንሡልን ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ከተራን ከጥምቀት ጋር አያይዞ ዕረፍት ማድረግ፣ በማግስቱም ፈተና አለማስቀመጥ አንድ መጽሐፍ አያስጎድልም። ጥር 12 ጠዋት ክፍል የሚገባው ልጅ እንቅልፉን ያልጠገበ ልጅ ነው። መምህሩም እንደዚያው።

ወደ ፋሲካ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፋሲካ ስለሚዘዋወር አስቀድሞ ማቀድ ያስቸግራል» ሲባል ስሰማ ይገርመኛል። ፋሲካ ይዘዋወራል እንጂ አይደበቅም። ከመጋቢት 26 አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ሊውልባቸው የሚችሉት ቀኖች 35 ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የበዓላት ስሌት፣ የሚያውቅ ሰው ያለ ወረቀት ይነግርሃል። ዘጌ ውስጥ ደብተራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እኔም ከእናቴ ጎረቤት ተምሬዋለሁ፤ እስኪ 2019ን አብረን እናስላ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ተብሎ በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል። አንድ ይነሣለት፤ 13። ይህ ወንበር ይባላል። 13 በ19 ሲባዛ 247 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 7 ይቀራል። መጥቅዕ 7 ሆነ። ወንበሩ በ11 ሲባዛና በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 23 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሃል ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 በታች ሲሆን በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ጥቅምት 7፣ 2019 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም የምትጨመረው ቁጥር፣ 8 ነው። 7 እና 8፣ 15። ነነዌ የካቲት 15 ትገባለች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር ሚያዝያ 24 ፋሲካ ነው። አለቀ። ቡና ሳይፈላ ይደረስበታል።

ለቤተሰብ ትርጉሙ ምንድን ነው? በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ሚያዝያ 12፤ በ2018 ሚያዝያ 4። በ2019 ደግሞ ወደ ሚያዝያ 24 ትዘላለች። ከዓመት ዓመት 20 ቀን ትርቃለች። ይህ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ቅርጽ ይቀይረዋል። ፋሲካ ቶሎ ስትመጣ ከእሷ በኋላ ረጅም የትምህርት ጊዜ አለ። ስትዘገይ የልጆቹ ጉልበት ካለቀ በኋላ ትመጣለች። የዓመቱ ፈተና ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይከተላል። የሚጾሙ ልጆችም አሉ። ሕማማት ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይታያል።

2016 ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ? ረቡዕ የሠራተኞች ቀን፣ ዓርብ ስቅለት፣ እሑድ ፋሲካ። የአርበኞች ቀንም እዚያው ፋሲካ ላይ ዋለ። ሐሙሷ ብቻዋን ቀረች። የእኛ ትምህርት ቤት ሐሙስ ትምህርት አለ አለ። ከሃያ ስምንቱ የልጄ ክፍል ተማሪዎች የመጡት ስድስት ናቸው። ስድስቱን ሰብስበው ሥዕል አሳሉዋቸው። የእኔ ልጅ ዶሮ ሥሎ መጣ።

አሁን ሚያዝያ 2019ን ተመልከቱ። ዓርብ 22 ስቅለት። ቅዳሜ 23 የሠራተኞች ቀን። እሑድ 24 ፋሲካ። ረቡዕ 27 የአርበኞች ቀን። በመሐል የቀሩት ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ናቸው። ሁለቱን ቀን ዕረፍት ቢያደርጓቸው ቤተሰብ ከዓርብ እስከ ረቡዕ ስድስት ቀን ያገኛል። ወጪው ሁለት የትምህርት ቀን ነው፤ ያውም ክፍሉ ግማሽ ባዶ የሚሆንበት። ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ማካካስ ይቻላል። ይህን ውሳኔ ዛሬ መወሰን ይቻላል። መስከረም ላይ መንገር ይቻላል። እስከ ሚያዝያ 20 ምሽት የሚያስጠብቅ ምንም አዲስ ነገር የለም።

አስቀድሞ ማወቅ ብርም ነው። የበዓል ሰሞን የትራንስፖርት ዋጋ ምን እንደሚሆን መናኸሪያ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በሁለት ወር ቀደም ብላ ብትወስን የተሻለ ትኬት ታገኛለች። በሦስት ቀን ማስታወቂያ ግን ወይ ትከስራለች ወይ ትቀራለች። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በፀጥታው ምክንያት እየተዘጋና እየተከፈተ ስለሆነ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን መጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው። አንዲት ቀን ዕረፍት ይዞ የሚነሳ ሰው የለም።

ዒድ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ይቀድማል። ዒድ አልፈጥር በ2017 መጋቢት 21 ነበር። በ2019 መጋቢት 1 አካባቢ ይደርሳል። ረመዳን የካቲትን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይይዛል ማለት ነው፤ ልክ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር። ጨረቃ ትታያለች አትታይም የሚለው ክርክር የሚያወላውለው አንድ ቀን ነው። ሳምንቱ ግን ከአሁኑ ይታወቃል። ሆኖም ጎረቤቴ አንድ ዓመት የሆነባትን ነገረችኝ። ማታ ዒድ ነው ተባለ። በማግስቱ ተከበረ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ልጇ የሒሳብ ፈተና ነበረው። ዘመድ ጥየቃ ሳይወጣ ዋለ። ለሁለትና ሦስት ቀን ፈተና የማይቀመጥበት ክፍተት መተው ምን ያህል ከባድ ነው? ካላንደር የሚያወጣው ሰው የእሷን በዓል እንደ ድንገተኛ ነገር ባያየው ክፍተቱ ይገኛል።

ክረምቱ ሌላ ጉድ ነው። የውጭ አገር ሰው ረጅም የትምህርት ዕረፍት ሲባል ፀሐይና ሽርሽር ይመጣበታል። የእኛ ረጅም ዕረፍት ዝናብ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ይደፈርሳል፤ ማዕበሉ ይበረታል። ፎገራ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ልጅ ተሻግሮ ትምህርት ቤት አይደርስም፤ ገጠር ደግሞ እርሻ ነው። ዕረፍቱ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ያለው። ለከተማ ወላጅ ግን ከሁለት ወር በላይ ልጅ ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚውልበት ጊዜ ነው።

የእኛ ፈቃድስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ያርፋል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። 16 የሥራ ቀን ማለት ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። እናትና አባት ተራ በተራ ቢወስዱት እንኳ ክረምቱን ሙሉ አይሸፍንም። በዚያ ላይ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሰኔ ሒሳብ መዝጊያ፣ ሐምሌ ዕቅድ ማውጫ። አለቃዬ «ሐምሌን ተዪና ጥቅምት ውሰጂ» ይለኛል። ጥቅምት ልጄ ትምህርት ላይ ነው። ሁለቱ ካላንደሮች የተነጋገሩ አይመስሉም።

ቀዳዳውን ማን ይደፍነዋል? አያት። ጎረቤት። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ታላቅ እህት። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለሚከፍል አለ፤ ልጁ ሰኔ ላይ የተገላገለውን ደብተር ሐምሌ ላይ እንደገና ይገልጣል። እኔ ልጆቼን ለፍልሰታ ወደ እናቴ እልካቸዋለሁ። ነሐሴ 1 ጾሙ ይገባል። ማለዳ ተነሥተው ከእሷ ጋር ቅዳሴ ይሄዳሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሙልሙል ተጋግሮላቸው ሆያ ሆዬ ይላሉ። ቡና ዛፍ ሥር ጭቃ ተለውሰው ይውላሉ። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ማጠናከሪያ ይበልጣል፤ ግን ዘጌ እናት የሌለው ሰው ብዙ ነው።

ስለ ገጠሩ ሳልናገር ብተወው ይህ ሁሉ የከተማ ቅንጦት ይመስላል። ፎገራ በኩል የሚያስተምር ወዳጄ ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ሲታጨድ ክፍሉ እንደሚሳሳ ይነግረኛል። ካላንደሩ ላይ ግን ትምህርት ነው። አንድ ያልጠበቅሁትን ነገርም አጫወተኝ። በሚካኤልና በማርያም ዕለት ተማሪ ይበዛል አለኝ። አርሶ አደሩ በዓል ብሎ ከእርሻ ስለሚውል ከብቱን ራሱ ይጠብቃል፤ ልጁ ነፃ ይሆናል። እኛ ከተማ በዓል ትምህርት ይዘጋል እንላለን። እዚያ በዓል ትምህርት ያስገባል።

ከዚህ የሚብሰውም አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናት ዓመት አልፎ ዓመት ክፍል አላዩም። እነሱ ዘንድ ስለ ከተራ ሰኞ ማውራት ያሳፍራል። ባሕር ዳር ውስጥ ራሱ ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ትምህርት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለምደናል። ግን ደግሞ ያልታወቀው ቀን ሲበዛ፣ ሊታወቅ የሚችለውን ማሳወቅ የበለጠ ዋጋ አለው። የፀጥታውን ነገር ማንም አስቀድሞ አይነግረንም። ፋሲካን ግን ይነግሩናል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። የክልሉ ካላንደር ሲወጣ የሚቀጥለውን ዓመት የበዓል ቀኖች ከሳምንቱ ቀን ጋር አብሮ ይዞ ይውጣ። ዒዶቹ «አንድ ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል» ተብለው ይግቡበት። የግል ትምህርት ቤቶች የሚጨምሯትን ቀን መስከረም ላይ ይንገሩን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ቢያንስ የሳምንት ማስጠንቀቂያ ይኑረው። ለቅሶና ድንገተኛ ነገር ሲሆን እንረዳለን፤ እኛም ሰው ነን።

ባለፈው እሑድ ራሴ ካላንደር ሠራሁ። ትልቅ ወረቀት ላይ 2019ን ጻፍኩና ወጥ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። እንቁጣጣሽን ዓርብ፣ መስቀልን እሑድ፣ ገናን ሐሙስ አልኩ። ልጄ በቀይ እስክሪብቶ ይከባል። ጥር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማክሰኞ ጥምቀት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ሰኞስ?»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና ሰኞ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።